ውሃ የጠጣ ሞተር

የመኪና ሞተር አየር ለማመቅ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ውሃ ደግሞ አይታመቅም። ውሃ የጠጣ ሞተር ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ወደ ላይ ሲወጣ የሳበውን አንድ አሥረኛ እስኪያህል ይጨምቀዋል፤ ከዚያ ካንዴላው ይተኩሳል። 1.5 ሊትር የሆነው የቶዮታ ያሪስ ሞተር አራት ሲሊንደር ሲኖረው፣ አንዱ ሲሊንደር በአንድ ጊዜ የሚስበው 374 ሲሲ ያህል ነው። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከበላዩ የሚተርፈው ባዶ ቦታ ግን ከ39 ሲሲ ብዙም አያልፍም። ይህ ግማሽ የቡና ሲኒ ቢሆን ነው። ለበረካ እንኳ የማትበቃ ውሃ አንድ ሙሉ ሞተር ቀጥ አድርጋ ታቆማለች።

ውሃው ከዚያ ቦታ ከበለጠ ፒስተኑ ጫፍ መድረስ አይችልም። ከላይ የሲሊንደሩ ክዳን የሆነው ቴስታታ በብሎን ተጠፍሮ ታስሯል፤ ከታች ፒስተኖቹን የሚያወጣና የሚያወርደው ኮሎ በሌሎቹ ሲሊንደሮች ጉልበት መዞሩን ቀጥሏል፤ ውሃው ቦታ አይለቅም። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ፣ ጠበኞች መሀል እንደገባ ሽማግሌ፣ ከሁለቱም ወገን ተመትቶ የሚጎብጠው እሱ ነው። ምን ያህል እንደሚጎብጥ የሚወስነው ሞተሩ በዚያች ቅጽበት የነበረው ፍጥነት ነው። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር የነበረ ሞተር ብዙውን ጊዜ አንቆ ይቆማል እንጂ አይሰበርም። በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር የነበረ ሞተር ግን እያንዳንዱን ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ያምቃል፤ ውሃው ሲመጣበት ይቅርታ ለመጠየቅም ጊዜ የለውም።

ውሃ ወደ ሲሊንደር የሚገባበት ዋናው በር የአየር መሳቢያው አፍ ነው፤ በማርሚታው በኩል የሚገባው እምብዛም ነው፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ጭሱ ራሱ እየገፋ ያስወጣዋልና። የመሳቢያው አፍ በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ከፊት መብራቱ ኋላ ወይም ከራዲያተሩ ጎን ይቀመጣል። አዲስ አበባ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ፣ የጎርፍ ማስወገጃው በፕላስቲክ ጠርሙስ ተወትፎ ውሃው በማሳለጫ ሥር ይተኛል። ሹፌሩ ይቆማል፣ ያመነታል፣ ከፊቱ የነበረው ሚኒባስ ሲሻገር ያያል፣ «እሱ ካለፈ!» ይላል። የፊተኛው ማለፍ ስለ ኋለኛው የሚናገረው ነገር የለም፤ የመሳቢያው ከፍታ ከመኪና መኪና ይለያያል። ከዚያ ደግሞ ቶሎ ወጥቶ ለመገላገል ነዳጅ ይረግጣል። የፍጥነቱ ውጤት ከመኪናው አፍንጫ ፊት የሚነሳው ማዕበል ነው፤ በዝግታ ሲኬድ መሳቢያው ሥር ይቀር የነበረውን ውሃ ሽቅብ አንስቶ አፉ ላይ ያደርሰዋል።

ሞተሩ ጠፋ። ከዚህ በኋላ በመኪናው ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ አደገኛው ቁልፉ ነው። ጎርፉ ራሱ ካወደማቸው ሞተሮች «አንዴ ልሞክራት» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ያወደመቻቸው ሳይበልጡ አይቀሩም። ሞተሪኖው ሲዞር ውሃ ያልገባባቸው ሲሊንደሮች ሊነሱ ይችላሉ፤ ሲነሱም ውሃ የያዘውን ጎረቤታቸውን በሙሉ ኃይል ከውሃው ጋር ያላትሙታል። ሞተሩ ውሃው ውስጥ ሲጠፋ ደህና የነበረው ቢዬላ የሚጎብጠው ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

ከቁልፉ የባሰው ግፊት ነው። መኪና ውሃ ውስጥ ሲቆም፣ ዝናቡ ያባረረው ሕዝብ ከየጥጉ ይመለሳል። አንዱ ይህችኑ ዓይነት መኪና እንደነበረችው ይናገራል። ሌላው ጥፋቱ የባትሪ መሆኑን ኮፈኑ ሳይከፈት ይወስናል። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሰበሰቡ ጎረምሶች ከኋላ ይሰለፉና «ጋሼ፣ ሁለተኛ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን ይልቀቁ!» ይላሉ። ጋሼም ይለቃሉ። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና በአምስት ጎረምሳ ጉልበት ሲንደረደር ኮሎው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከሞተሪኖው በብዙ ይበልጣል፤ ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ካለ ነገሩ ያልቃል። የግፊቱ ዋጋም ይከፈላል። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና በግፊት ስለማይነሳ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው ከዚህ አደጋ ይድናል።

መኪናው ተጎትቶ ደረቅ ቦታ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚከፈተው የአየር ማጣሪያው ቤት ነው። ማጣሪያው ደረቅ ከሆነ ሞተሩ ውሃ ሳይጠጣ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ያጠፋው የኤሌክትሪክ መስመሩ መራስ ሊሆን ይችላል፣ ይህም በማድረቅ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ማጣሪያው ከራሰ፣ ከኋላው ያለው ቱቦም ውስጡ ጠብታ ካለው፣ ውሃው ሲሊንደር እንደደረሰ ቆጥሮ መሥራት ይገባል። ቀጥሎ የዘይት መለኪያው ዘንግ ይመዘዛል። ዘይቱ ወተት መስሎ አረፋ ካወጣ፣ ወይም ከመጠኑ በላይ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ውሃው ከፒስተኖቹም አልፎ ወይም በሌላ ቀዳዳ ሾልኮ የዘይት ኮፓው ውስጥ ገብቷል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ሥር ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ሞተሩ ካልዞረ ዘንጉ ላይ ንጹሕ ዘይት እየታየ ከታች ውሃ ሊኖር ይችላል። የኮፓው ብሎን ሲላላ ቀድሞ የሚወጣው ምን እንደሆነ ማየት ከዘንጉ የተሻለ ምስክር ነው።

ከዚያ ሁሉም ካንዴላዎች ይፈታሉ። አንዱን ብቻ ፈትቶ «ይህቺ ደረቅ ናት» ማለት ስለሌሎቹ ሦስት ምንም አያረጋግጥም። ካንዴላዎቹ ከወጡ በኋላ ውሃው መውጫ ስለሚያገኝ ሞተሩን ማዞር ይቻላል፤ ግን በመጀመሪያ በእጅ ነው። በኮሎው ጫፍ ያለው ትልቅ ብሎን ላይ ቁልፍ ገብቶ ኮሎው ቀስ ተብሎ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፤ በሁለት ዙር ውስጥ አራቱም ፒስተኖች ሥራቸውን አንድ አንድ ጊዜ ይጨርሳሉ። በአንድ ቦታ ከተያዘ ወይም ብረት ለብረት ከተጋጨ፣ ኮምፕረሽን፣ ማለትም የማመቅ ግፊቱን፣ መለካቱ ቀርቶ ሞተሩን መክፈት ነው። በነፃነት ከዞረ የነዳጁና የእሳቱ መስመር ይቋረጥና ሞተሪኖው በአጭር በአጭሩ ይሞከራል። ያኔ ውሃው በካንዴላው ቀዳዳ በኩል እንደ ጥይት ይተኮሳል። በኮፈኑ ላይ አጎንብሶ «ወጣ እንዴ?» የሚል ሰው መልሱን ፊቱ ላይ ያገኘዋል፤ ጋራዥ ውስጥ ይህ ሰው ሁልጊዜ አዲሱ ረዳት ነው፣ አለዚያም ሙሉ ልብስ የለበሰው ባለ መኪና። ውሃው ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ የእሳት ብልጭታ በአካባቢው መኖር የለበትም፤ መስመሩ የሚቋረጠውም ለዚህ ጭምር ነው።

ይህ ሥራ ለሰኞ የሚቀጠር አይደለም። በርጥብ ሲሊንደር ውስጥ ብረቱ ዝገት የሚይዘው በሰዓታት ነው፤ ፋሻዎቹ፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበቶች፣ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃሉ፣ የቫልቮቹ መቀመጫ ይበላሻል። ኮምፕረሽኑን ለመለካት ጊዜ ከሌለ ቢያንስ ውሃውን አስወጥቶ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጠብ ማድረግና ኮሎውን በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። ጎርፍ የሚያደርሰው ጉዳት የአንድ ደቂቃ ነው፤ የቀረውን የሚያደርሰው «መካኒኬ ከክፍለ ሀገር እስኪመለስ» የሚባለው ሳምንት ነው።

አሁን መለኪያው ይመጣል። ኮምፕረሽን ጌጅ ማለት የግፊት ሰዓት ያለው፣ በካንዴላው ቦታ የሚገባ ቱቦ ነው፤ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ስላለችው የደረሰበትን ከፍተኛ ግፊት ይዞ ይቆያል። ይህ ዕቃ በሌለበት ጋራዥ አውራ ጣት ይተካዋል፦ ቀዳዳው ላይ ተጭኖ ሞተሩ ሲዞር ጣቱን ወርውሮ ከጣለው «ኮምፕረሽን አለ» ይባላል። አውራ ጣት መኖሩን ያውቃል፤ ስንት መሆኑን አያውቅም፤ የውሃ ጉዳት ደግሞ የሚደበቀው በስንቱ ውስጥ ነው።

ለልኬቱ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው መቆየት አለባቸው። ባትሪው ሙሉ መሆን አለበት፤ ደካማ ባትሪ ሞተሩን አዝግሞ ያዞርና ደህናውን ሲሊንደር በሐሰት ይከሰዋል። የቤንዚን መርገጫው እስከ ወለሉ ይረገጣል፣ የአየሩ በር ካልተከፈተ ሞተሩ የሚያምቀው አየር አያገኝምና። ይህ ትእዛዝ በየጋራዡ የሚዘነጋ ነው፤ ውጤቱም አራቱም ሲሊንደሮች እኩል የወረዱበት አስደንጋጭ ወረቀት ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን በደቂቃ 250 ዙር ገደማ ያዞራል፤ በዚህ ፍጥነት አንዱ ሲሊንደር በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ያምቃል፣ ስለዚህ ሦስት ሰከንድ ቢዞር ስድስት ምት ይገኛል። መርፌው በመጀመሪያው ምት ስንት እንደዘለለና በመጨረሻ ስንት ላይ እንደቆመ ሁለቱም ይጻፋሉ። ለአራቱም እኩል ምት መስጠት ግድ ነው። ለጠረጠሩት ሲሊንደር ዐሥር ምት፣ ለሌላው አራት ምት ሰጥቶ ማወዳደር ዳኛው ራሱ ያደላበት ፍርድ ይሆናል።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ክርክሩ ይጀምራል። የዚያ 1.5 ሊትር የቶዮታ ሞተር የጥገና መጽሐፍ የደህና ሞተርን ልክ 213 ፒኤስአይ፣ የመጨረሻውን ዝቅተኛ 156፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደውን ልዩነት 14 ያደርገዋል። ባለ መኪናው መጽሐፉን ከስልኩ ያወጣና አዲስ አበባ ላይ የተለካውን 160 አይቶ ይደነግጣል፤ ሞተሩ ከሞት አፋፍ ላይ ያለ ይመስለዋል። መካኒኩ ደግሞ ከደንበኛው ድንጋጤ የሚያተርፍ ዓይነት ከሆነ አያርመውም። ዳሩ ግን ሞተር የሚያምቀው በአካባቢው ያለውን አየር ነው። ከባሕር ወለል 2300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሦስት አራተኛው የ213፣ 160 ነው። ያው ሞተር ድሬዳዋ ወርዶ ቢለካ 185 አካባቢ፣ ሠመራ ቢደርስ 200 ያህል ያሳያል፤ መንገድ ላይ ግን ማንም አልጠገነውም። ዝቅተኛው ወሰንም አብሮ ይወርዳል፤ 156 የተባለው አዲስ አበባ ላይ 117 ገደማ ነው። በከፍታ ምክንያት ጤነኛ ሞተር ተከፍቶ ፋሻ የተቀየረለት ባለ መኪና ካለ፣ ቢያንስ አየሩ ንጹሕ በሆነ ከተማ ነው የተታለለው ለማለትም አያስደፍርም።

ስለዚህ የደጋ ሰው የአንዱን ሲሊንደር ቁጥር ከመጽሐፉ ይልቅ ከወንድሞቹ ሲሊንደሮች ጋር ማነጻጸር ይሻለዋል። ከፍታው አራቱንም ሲሊንደር እኩል ይነካል፤ ጎርፍ ግን እኩል አይነካም፤ ውሃው የሚበዛው በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ነው። 160፣ 158፣ 161፣ 157 ያሳየ ሞተር ደህና ነው። 160፣ 158፣ 120፣ 159 ያሳየ ሞተር ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ የሚነገር ታሪክ አለው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ፣ ጥርጣሬው በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ላይ ያርፋል።

ውሃ ያገኘው ሲሊንደር ግን መጀመሪያ ሲጠየቅ ይዋሻል፤ ያውም በሁለት አቅጣጫ። ውሃ ግድግዳውን ከዘይት አጥቦ ካደረቀው ፋሻው በደንብ አይዘጋምና ቁጥሩ ከሚገባው በታች ይሆናል። ከፒስተኑ በላይ ትንሽ ውሃ ከቀረ ደግሞ ባዶውን ቦታ ስለሚያጠበው ቁጥሩ ከሚገባው በላይ ይወጣል። ከመጽሐፉ በላይ ኮምፕረሽን ያሳየ ሞተር ያለው ሰው ከመኩራራቱ በፊት ሲሊንደሩን ደግሞ ቢያደርቅ ይሻላል።

ዝቅ ያለውን ለመለየት አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ይጨመርና እንደገና ይለካል። ዘይቱ ፋሻውን ለጊዜው ስለሚዘጋ ቁጥሩ ከዘለለ ችግሩ የፋሻ ወይም የታጠበ ግድግዳ ነው፤ የታጠበ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ ራሱ ይመለሳል። ከዘይቱ በኋላም ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ቫልቭ፣ ጓርኒሲዮን ወይም ቢዬላ ነው። ይህን በትክክል የሚለየው የታመቀ አየር ነው፦ ፒስተኑ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ሳለ፣ ከኮምፕረሰር አየር ወደ ሲሊንደሩ ይነፋና ጆሮ ይጣላል። በአየር መሳቢያው በኩል ካፏጨ የመግቢያው ቫልቭ፣ በማርሚታው ካፏጨ የመውጫው፣ በዘይት መጨመሪያው ካፏጨ ፋሻው፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ ነው። አየሩ በየትም በኩል ካልሾለከና ቁጥሩ ግን ዝቅተኛ ከሆነ፣ ቀዳዳ የለም፤ ያነሰው የፒስተኑ መውጫ ነው። ቢዬላው አጥሯል ማለት ነው።

ልኬቱ በጣም ጠቃሚ የሆነው፣ በጣም የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። ጎብጦ አንድ ሚሊሜትር ያጠረ ቢዬላ በዚያ ያሪስ ውስጥ ከፒስተኑ በላይ ያለውን 39 ሲሲ ወደ 44 ያሰፋዋል፤ አዲስ አበባ ላይ 160 የነበረው 140 አካባቢ ይሆናል፣ ይህም ይታያል። ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ካጠረ ግን ልዩነቱ 10 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ መጽሐፉ የሚፈቅደው 14 ነውና ፈተናውን ያልፋል። ሞተሩም ይነሳል፤ ባለቤቱም «ጎርፍ አልነካትም» እያለ ያወራል። የጎበጠ ቢዬላ ግን በየዙሩ ወደ ጎን ይገፋል፤ ፒስተኑን በአንድ በኩል ይበላዋል፣ ራሱም ይደክማል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ተሰብሮ ብሎኩን በጎኑ በስቶ ይወጣል። ያን ጊዜ ክረምቱ አልፎ የመስቀል ወፍ ሁሉ ሄዳለች፤ ጥፋቱን ከውሃው ጋር የሚያያይዘው የለም፣ የመጨረሻ ዘይት የቀየረው ልጅ ይከሰሳል።

ስለዚህ ጌጁ ደህና ነው ቢልም የፒስተኖቹን ከፍታ መለካት ይገባል። ቀጥ ያለ ለስላሳ ዘንግ በካንዴላው ቀዳዳ ይገባና፣ ኮሎው በእጅ ሲዞር ዘንጉ ሽቅብ ወጥቶ መመለስ በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ አራቱም በዚሁ ዘንግ፣ በዚሁ አያያዝ ይለካሉ። ካሊፐር ያለው ግማሽ ሚሊሜትሯን ይይዛታል። ዘንጉ ሲሊንደሩ ውስጥ እንዳይቀር በሞተሪኖ ማዞር ፈጽሞ አይፈቀድም፤ በአንድ ቀን ሁለት ብረት ማጉበጥ ከልክ ያለፈ ነው።

ናፍታ ሞተር በዚህ ጉዳይ የባሰ ክፉ ዕጣ አለው። ያለ ካንዴላ ብልጭታ፣ በማመቅ ሙቀት ብቻ ስለሚነሳ፣ አየሩን የቆዩት ሞተሮች ሃያ እጅና ከዚያ በላይ ያምቁታል። 2.8 ሊትር የሚኒባስ ሞተር በየሲሊንደሩ 700 ሲሲ ያህል ይስባል፣ ግን ከፒስተኑ በላይ የሚተርፈው ቦታ 35 ሲሲ አካባቢ ነው፤ ከትንሿ ያሪስ ያነሰ። ሥራውም ከባድ ነው፦ ቀዳዳ ለማግኘት ኢንጄክተሩን ወይም የማሞቂያውን ካንዴላ መፍታት ያስፈልጋል፣ ግፊቱም 300 እና 400 ፒኤስአይ ስለሚደርስ የቤንዚን ጌጅ አይችለውም። ዘይት ጨምሮ መለካቱም እዚህ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በዚያ ጠባብ ቦታ ዘይት ሲበዛ ዘይቱ ራሱ የውሃውን ሥራ ይሠራል።

ቁጥሮቹ ከተቀራረቡና ፒስተኖቹ እኩል ከወጡ ሞተሩ ለመነሳት ይበቃል። አሮጌው ዘይትና ማጣሪያው ይጣላሉ፤ አዲስ ዘይት ተጨምሮ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ እስኪሞቅ ይሠራል፣ ከዚያ ያም ዘይት ይደፋና ሌላ ይገባል። ይህ ሁለተኛ ዘይት ባለ መኪናውን ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨው ወጪ ነው፤ ርካሹ ወጪ መሆኑን ለማሳመን ግን ጊዜ ይወስዳል። ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ ኮምፕረሽኑ ደግሞ ይለካል፤ የመጀመሪያው ቀን ወረቀት የሚጠቅመው ያኔ ነው። ታጥቦ የወረደው ሲሊንደር ከፍ ብሎ ከወንድሞቹ ጋር መስተካከል አለበት። ይባስ ብሎ ከወረደ ፋሻው ዝጎ ተይዟል ማለት ነው።

ቢዬላው ጎብጦ የተገኘ እንደሆነ ምርጫው ሁለት ነው፤ ሞተሩን ከፍቶ ቢዬላውንና የተበላውን መቀየር፣ ወይም የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ሞተር መግዛት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የሚጣል ዕቃ መሆኑ ቀርቷል፤ ሁለቱም መንገዶች ደንበኛ አላቸው። ሻጩ ሞተሩ «ከውጭ እንደመጣ» መሆኑን ይምላል፤ መሐላው የየትኛው ጎርፍ እንደነበረ አይናገርም። መሬት ላይ የተቀመጠ ሞተር ሞተሪኖው ካለ በባትሪ ይዞራል፣ ስለዚህ ጌጁ እዚያም ይሠራል። ለረጅም ጊዜ ቆሞ የደረቀ ሞተር በመጀመሪያ ሙከራ ዝቅ ብሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ለአራቱም አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ተሰጥቶና የተረፈው ዘይት በሞተሪኖው ተተፍቶ እንደገና መለካት አለበት። ሻጩ ካንዴላ እንዲፈታ ካልፈቀደ፣ ወደ ቀጣዩ ሱቅ መራመድ ነው፤ በዚያ ሰፈር ሱቅ አይጠፋም።